ምዕራፍ አምስት፦ ሌባ ሳይገባ ስለሚወጣ ምሥጢር

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (በዚህ ምዕራፍ ሌላ ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ በዚሁ ነው) በ2014 ዓ.ም.፣ በኖቬምበር ወር መጀመሪያ ላይ፣ የአውስትራሊያ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ባልደረባ የሆነ አንድ ሠራተኛ፣ በብሪዝበን ከተማ ለሚደረገው የቡድን 20 ጉባኤ የሚመጡትን የዓለም መሪዎች የቪዛ ጉዳይ ሲያሰናዳ ቆይቶ፣ የሥራውን ውጤት በኢሜይል ለመላክ የተቀባዩን ስም መጻፍ ጀመረ። ጥቂት ፊደላት እንደ ጻፈ ኮምፒዩተሩ የቀረውን በራሱ ሞላለት፤ ሠራተኛውም የተሞላው ስም የታሰበው ሰው ስም መሆኑን ሳይመረምር መልእክቱን ሰደደው። መልእክቱ የደረሰው ግን፣ በተከታዩ ጃንዋሪ በዚያችው አገር ሊደረግ የታሰበውን የእስያ የእግር ኳስ ዋንጫ ከሚያዘጋጁት ሰዎች ለአንዱ ነበረ።

በዚያ መልእክት ውስጥ የ31 መሪዎች ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ማዕርግ፣ ዜግነት፣ የፓስፖርት ቁጥርና የቪዛ ቁጥር ተዘርዝሮ ይገኝ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል የአሜሪካው ባራክ ኦባማ፣ የሩሲያው ቭላዲሚር ፑቲን፣ የቻይናው ዢ ጂንፒንግ፣ የጀርመንዋ አንጌላ ሜርክልና የሕንዱ ናሬንድራ ሞዲ ነበሩ። ወደ አንድ ከተማ በገቡ ቁጥር መንገድ የሚዘጋላቸውና ጠባቂ የሚሰለፍላቸው እነዚህ ሰዎች፣ ምሥጢራቸው ወደ አንድ የስፖርት ኮሚቴ ሲሄድ ያየውም የከለከለውም ዘብ አልነበረም። ስሕተቱ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ታወቀ፤ ተቀባዩም መልእክቱን ደመሰሰው፣ የተደመሰሱ ጽሑፎች የሚቀመጡበትንም ክፍል ባዶ አደረገው። መሥሪያ ቤቱ ኖቬምበር 7 ቀን ነገሩን ለአገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ካስታወቀ በኋላ፣ አደጋው እጅግ አነስተኛ ነውና ለመሪዎቹ መንገር አያስፈልግም ሲል አስተያየቱን ሰጠ፤ ነገሩም በሚቀጥለው ዓመት በማርች መጨረሻ ዘ ጋርዲያን የተባለው ጋዜጣ እስኪያወጣው ድረስ ተዳፍኖ ቆየ። በጊዜው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትርና የጉባኤው አስተናጋጅ የነበሩት ቶኒ አቦት ናቸው፤ ጥቂት ቆይተን በሌላ ቦታ ስለምናገኛቸው አንባቢ ስማቸውን ይያዝልኝ።

የመንገደኛ ምሥጢር ወጣ በተባለ ቁጥር የሰው ልብ ፈጥኖ የሚሄደው ወደ ሌባ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ2018 ዓ.ም. ሌቦች በብሪቲሽ ኤርዌይስ የኢንተርኔት መደብር ውስጥ ተደብቀው የብዙ መቶ ሺህ ደንበኞችን መረጃ ስለ ወሰዱ፣ የእንግሊዝ የመረጃ ኮሚሽነር ድርጅቱን በ2020 ዓ.ም. በ20 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥቶታል፤ በዚያው በ2018 ዓ.ም. ካቴይ ፓሲፊክ የተባለው የሆንግ ኮንግ አየር መንገድ የ9.4 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ መደፈሩን አስታውቋል። ይህ ምዕራፍ የሚመረምረው ግን ምንም አጥር ሳይጣስና ምንም ቁልፍ ሳይሰበር፣ ድርጅቱ ራሱ በሙሉ ፈቃዱ፣ ለባለቤቱ ሰጠሁ ብሎ በማመን ለባዕድ የሚያስረክበውን ነው። እንደ እኔ አስተያየት የዚህ ስሕተት ሥሩ የሠራተኛ ስንፍና ብቻ አይደለም። አየር መንገድ መንገደኛውን ከቶ አያውቀውም፤ የሚያውቀው አንድ ስም፣ ስድስት ፊደላትና አሐዞች፣ አንድ የኢሜይል አድራሻ ነው፤ እነዚህን ይዞ የቀረበ ሁሉ በእርሱ ዘንድ ባለቤቱ ነው።

ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። ኮምፒዩተር ወደዚህ ሥራ ከመግባቱ አስቀድሞ የአሜሪካን ኤርላይንስ ጸሐፊዎች በሚሽከረከር መደርደሪያ ዙሪያ ተቀምጠው፣ የእያንዳንዱን በረራ ካርድ በእጃቸው እያወጡ፣ በተሸጠው ወንበር ልክ ምልክት እያደረጉ ይመልሱ ነበር፤ አንድ ቦታ ለማስያዝም በአማካይ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ ነበር ይባላል። በ1953 ዓ.ም. የዚህ አየር መንገድ ፕሬዚደንት የነበሩት ሲ. አር. ስሚዝ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒውዮርክ በሚበር አይሮፕላን ተሳፍረው ሳለ፣ ከጐናቸው የተቀመጠው የአይ ቢ ኤም ሻጭ የእርሳቸው ሞክሼ፣ ብሌር ስሚዝ የሚባል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ጨዋታ ሴበር የተባለው የቦታ ማስያዣ ሥርዓት ተወለደ፤ በ1960 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ተሟልቶ ቆመ። በዝምድና የማይገናኙ ሁለት ሰዎች በስም በመገናኘታቸው የተጸነሰው ይህ ሥርዓት፣ ስም የሚጋሩ ሰዎችን ለመለየት እስከ ዛሬ መቸገሩ የታሪክ ቀልድ ይመስለኛል። የአውሮፓ አየር መንገዶችም ዘግይተው፣ በ1987 ዓ.ም. ኤር ፍራንስ፣ ሉፍትሐንዛ፣ አይቤሪያና ኤስ ኤ ኤስ በአንድነት ሆነው አማዴዎስ የተባለውን አቋቋሙ።

በእነዚህ ሥርዓቶች ውስጥ ለእያንዳንዱ ጉዞ አንድ የመንገደኛ መዝገብ ይከፈታል። መዝገቡ ሕጋዊ እንዲሆን የሚያስፈልጉት ነገሮች አምስት ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም የመንገደኛው ስም፣ የጉዞው መሥመር፣ መገናኛ አድራሻ፣ የቲኬቱ ሁኔታና መዝገቡን ያስከፈተው ሰው ማንነት ናቸው። ነገር ግን በእነዚህ በአምስቱ ላይ በየጊዜው ሌላ እየተደረበበት ሄዷል። በሽተኛ ወይም አረጋዊ የሆነ ሰው ተሽከርካሪ ወንበር ሲጠይቅ፣ የስኳር ሕመምተኛ የተለየ ምግብ ሲያዝ፣ እስላሙ ሐላል አይሁዳዊውም ኮሸር ሲል፣ ሥጋም ወተትም ያልነካው ምግብ እንዲቀርብለት የሚሻው ጿሚ ሲያመለክት፣ እያንዳንዱ ጥያቄ በአራት ፊደል ምልክት ተጽፎ ከስሙ ሥር ይቀመጣል። ጸሐፊው ስለ ምሳ የጻፈ ይመስለዋል፤ መዝገቡን የሚያነብ ባዕድ ግን የሰውየውን ሃይማኖትና ደዌ ያነባል። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ጥፋት በኋላ ደግሞ በመጀመሪያ አሜሪካ፣ ከእርስዋም ቀጥሎ ሌሎች መንግሥታት መንገደኛው ከመድረሱ አስቀድሞ ማንነቱ እንዲላክላቸው ስላዘዙ፣ ቀድሞ በፓስፖርት መርማሪው ፊት ብቻ ይታይ የነበረው የትውልድ ቀንና የፓስፖርት ቁጥር በዚሁ መዝገብ ውስጥ መኖሪያ አገኘ። ወንበር ለመቍጠር የተሠራ ደብተር፣ ማንም በአንድ ቀን ሳይወስንበት፣ የሰው ሕይወት መዝገብ ሆነ።

መቆለፊያው ግን እንደ ደብተሩ አላደገም። ማንኛውም መንገደኛ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ጉዞውን ለማየት ወይም ለመለወጥ ሲፈልግ የሚጠየቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ የአባቱን ወይም የቤተሰቡን ስምና ስድስት ፊደላትና አሐዞች ያሉበትን የቦታ ማስያዣ ቁጥር ብቻ ነው። ይህ ቁጥር የምሥጢር ቃልን ሥራ እየሠራ፣ ከስሙ ጋር በቦርዲንግ ፓሱ ላይ ይታተማል፤ በሻንጣው ላይ በሚጣበቀው ወረቀትም ተጽፎ በመንኰራኵር ላይ በሕዝብ ፊት ይዞራል፤ ጉዞው ሲያልቅም ተቀዶ በጥራጊ ቅርጫት ይጣላል። የቀድሞ ሰዎቻችን የክርስትና ስማቸውን ለማያውቁት ሰው ከመግለጥ ይጠነቀቁ የነበረው፣ ስም በክፉ ሰው እጅ ሲገባ ቁልፍ ይሆናል ብለው ስለሚያምኑ ነበረ፤ አየር መንገዶች ስምን ቁልፍ በማድረጉ ከእነርሱ ጋር ተስማምተው መሰወሩን ብቻ ትተውታል። በዲሴምበር 2016 ዓ.ም. ካርስተን ኖልና ኔማንያ ኒኮዲዬቪች የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሐምቡርግ ከተማ በተደረገ የኮምፒዩተር ጠበብት ጉባኤ ላይ ይህንኑ ነገር በአደባባይ ገልጠው፣ ቁጥሮቹን በግምት ማግኘት እንኳ ከባድ አለመሆኑን፣ በርካታ ድረ ገጾችም ደጋግሞ የሚሞክረውን ሰው እንደማይከለክሉት አሳዩ።

ከሦስት ዓመት ከሦስት ወር ያህል በኋላ ነገሩ በአንድ ታላቅ ሰው ላይ ተፈጸመ። በማርች 2020 ዓ.ም. ቶኒ አቦት፣ ከሥልጣን ከወረዱ አራት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሆኗቸው ሳለ፣ የቦርዲንግ ፓሳቸውን ፎቶግራፍ በኢንስታግራም አወጡ። አንድ የአገራቸው ሰው፣ ወዳጆቹ ከዚህ ወረቀት ምን ሊገኝ ይችላል ብለው ቢጠይቁት፣ በሥዕሉ ላይ የተነበበውን ቁጥርና የአቦትን ስም በቃንታስ አየር መንገድ ድረ ገጽ ላይ ጽፎ ገባ። በገጹ ላይ በግልጥ የሚታየው ነገር እምብዛም አልነበረም፤ ነገር ግን ማንኛውም ሰው በአንድ ጠቅታ ሊከፍተው የሚችለውን የገጹን ውስጠኛ ጽሑፍ ቢመለከት፣ የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር የፓስፖርት ቁጥርና የስልክ ቁጥር፣ እንዲሁም የአየር መንገዱ ሠራተኞች ስለ መንገደኛው እርስ በርሳቸው የተጻጻፉትን ማስታወሻ አገኘ። ድረ ገጹ ለዓይን የሰወረውን ሁሉ ወደ እያንዳንዱ ጐብኝ ኮምፒዩተር አስቀድሞ ይልከው ነበርና፣ መሰወሩ መጋረጃ እንጂ ግድግዳ አልነበረም።

ሰውየው ያገኘውን በጥንቃቄ ይዞ፣ ለመንግሥትም ለአየር መንገዱም ለማመልከት ወራት ፈጀበት፤ ጉድለቱ ከታረመ በኋላ በሴፕቴምበር ታሪኩን አሳተመ። አቦት ራሳቸው በስልክ ጠርተው አነጋገሩት፤ ተቈጥተው ሳይሆን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለመማር ፈልገው፣ ስለዚህ ጥበብ መጀመሪያ የሚያስተምር መጽሐፍ ይኖር እንደ ሆነ ጠየቁት። ምንም እንኳ በፖለቲካቸው ብዙ የሚነቅፋቸው ሰው ቢኖርም፣ በዚህ አንድ ነገር ላይ ያሳዩት ትሕትና የሚመሰገን ነው። በ2014 ዓ.ም. እርሳቸው በሚመሩት መንግሥት እጅ የ31 እንግዶች የፓስፖርት ቁጥር ወደ ባዕድ ሲሄድ ለእንግዶቹ መንገር አያስፈልግም ተብሎ ነበረ፤ የእርሳቸው ቁጥር ሲወጣ ግን የነገራቸው መሥሪያ ቤት ወይም ኩባንያ ሳይሆን፣ ፈልጐ ያገኘው ሰው ለመንገር መንገድ ሲያፈላልግ ከርሞ ነው።

እስካሁን ያወሳነው ባዕዱ ወደ መዝገቡ ስለሚሄድበት መንገድ ነው። ከዚህ ይበልጥ የተለመደው ግን መዝገቡ ወደ ባዕዱ የሚሄድበት ሲሆን፣ መንገዱም የኢሜይል አድራሻ ነው። ቲኬት ገዢው አድራሻውን በእጁ ይጽፋል፤ ወይም በስልክ ለትኬት ቆራጩ እየነገረ ያስጽፋል። የጻፈው አድራሻ የራሱ መሆኑን አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከመሸጣቸው በፊት አያረጋግጡም፤ በሻጭና በገዢ መካከል አንዲት እርምጃ ቢጨምሩ ደንበኛው ተሰላችቶ ወደ ሌላ እንዳይሄድባቸው ይፈራሉና። ስለዚህም አንድ ፊደል የተሳሳተች እንደ ሆነ፣ በዚያች በተሳሳተችው አድራሻ በዓለም ላይ አንድ ሰው ከተገኘ፣ ቲኬቱ፣ የመሳፈሪያው ማሳሰቢያ፣ የበረራው መዘግየት፣ በመጨረሻም አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት የሚለው መጠይቅ ሳይቀር ለእርሱ ይደርሰዋል። ጂሜይል በአድራሻ ውስጥ የገባችን ነጥብ እንደሌለች ስለሚቈጥራት፣ ስሙን ከአባቱ ስም በነጥብ ለይቶ የሚጽፍ ሰውና ሁለቱን አጣብቆ የሚጽፍ ሌላ ሰው በአሳባቸው ሁለት አድራሻ ቢኖራቸውም፣ በእውነቱ ያለው አንድ ሣጥን ነው፤ ሣጥኑም አስቀድሞ የከፈተው ሰው ነው። የተለመደ ስም ያላቸው ሰዎች፣ በተለይም ጂሜይል በ2004 ዓ.ም. ሲጀመር ፈጥነው ስማቸውን ያስመዘገቡት፣ የማያውቋቸውን ሞክሼዎቻቸውን ጉዞ፣ የሆቴል ሂሳብና የመኪና ኪራይ ውል ሲቀበሉ ይኖራሉ።

ይህ ችግር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሌላው ይልቅ የቀረበ ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል ልማድ ስለሌለን የሰው ስም የሚቆመው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ነው፤ የአየር መንገዱ ቅጽ ግን የመጨረሻ ስም ይጠይቃል፤ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል፤ የአንድ እናትና አባት ልጆች በሁለት የተለያየ ስም፣ የማይዛመዱ ሁለት ሰዎችም በአንድ ስም ይመዘገባሉ። በዚህም ላይ ቅጹ የሚቀበለው የላቲን ፊደል ብቻ በመሆኑ፣ ፀሐይ የተባለች ሴት ስምዋ በፓስፖርትዋ ላይ በአንድ ዓይነት፣ በኢሜይልዋ በሌላ፣ በልጅዋ ብእር ደግሞ በሦስተኛ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት የሚኖር ልጅ እናቱን ለማስመጣት ቲኬት ሲቈርጥ፣ እርስዋ ኢሜይል ስለሌላት የራሱን አድራሻና የራሱን ስልክ ይሞላል፤ ይህ የፍቅር ሥራ ቢሆንም፣ አድራሻው በአንዲት ፊደል ከተሳሳተ፣ የእናትየው ስም፣ የምትነሣበትና የምታርፍበት ሰዓት፣ ተሽከርካሪ ወንበር መጠየቅዋም ጭምር በማታውቀው ሰው ፊት ይገለጣል፤ እርስዋም ይህ መሆኑን የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሥራ የሚሄዱት እኅቶቻችን ነገር ከዚህም ይከፋል። የጉዞውን ዋጋ የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ቲኬቱን የሚያወጣውም አሠሪው ወይም አገናኙ ኤጀንሲ ስለ ሆነ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው መገናኛ አድራሻ የእርስዋ አይሆንም። ጉዞዋን ሊለውጥ ወይም ሊሰርዝ የሚችለው ቁጥር በሌላ ሰው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ማንም ያልተሳሳተበት፣ እንደ ተለመደው የተፈጸመ ሥራ ነው፤ ውጤቱ ግን ከስሕተቱ ጋር አንድ ነው፤ መዝገቡ ከባለቤቱ በቀር ለሌላው ሁሉ ክፍት ነው።

የሰው እጅ ምንም ሳይነካው፣ መሣሪያው ራሱ የሚያደበላልቅበት ጊዜም አለ። ሜይ 1 ቀን 2024 ዓ.ም. የቃንታስን የስልክ መተግበሪያ የከፈቱ ደንበኞች በራሳቸው ስም ፈንታ የሌላ ሰው ስም፣ የሌላ ሰው የበረራ ዝርዝር፣ ቦርዲንግ ፓስና የተጠራቀመ ነጥብ ታያቸው፤ አንዳንዶቹም መተግበሪያውን ዘግተው በከፈቱ ቁጥር ሌላ አዲስ ሰው ሆነው ተገኙ። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ፣ ነገሩ የውጭ ጥቃት ሳይሆን የቴክኒክ ብልሽት መሆኑን፣ በቅርቡ ከተደረገ የሥርዓት ለውጥ ጋር የተያያዘ ሊሆን እንደሚችል፣ በሌላ ሰው ወረቀት የተሳፈረም እንዳላወቀ ገለጠ። ከዚህ ያለፈ ዝርዝር ስላልሰጠ የእርሱን ምክንያት እዚህ ላይ መወሰን አይገባም፤ እንዲህ ያለው መደበላለቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣበትን አንድ መንገድ ግን ማስረዳት ይቻላል።

ብዙ ባለጉዳይ የሚመላለስበት ቤተ መዛግብት አለ እንበል። በመስኮቱ የተቀመጠው ጸሐፊ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ወደ ጓዳ መመላለሱ ስላደከመው፣ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ማስታወቂያ ገልብጦ በአጠገቡ ያኖረዋል፤ የመጣውም ሁሉ ከዚያ ግልባጭ ይሰጠዋል። ማስታወቂያው ለሁሉ አንድ ዓይነት እስከ ሆነ ድረስ ይህ ብልሃት ነው። ነገር ግን አለቃው አንድ ቀን ትእዛዙን አሳስቶ የግል ደብዳቤዎችም እንዲገለበጡ ቢያደርግ፣ ጸሐፊው ደብዳቤዬን ስጠኝ ላለው ለመጀመሪያው ባለጉዳይ ያወጣውን ደብዳቤ፣ ከእርሱ በኋላ በዚያው ቃል ለጠየቁት ሁሉ በቅንነት ያድላቸዋል። በኢንተርኔት ዓለም ይህ ግልባጭ ካሽ ይባላል። በዲሴምበር 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ስቲም በተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ መደብር ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ መደብሩ በጥቃት ተጨናንቆ ሳለ ጭነቱን ለማቅለል የተደረገ የግልባጭ አሠራር ተሳስቶ፣ የ34,000 ያህል ደንበኞች ገጽ ለሌሎች ሊታይ ቻለ። በገና ዕለት ሥራ የበዛበት መደብር ለማፍጠን ሲል ምሥጢር ማውጣቱ፣ በበዓል ሰሞን ለሚጨናነቁት አየር መንገዶች የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሕጉ ወደዚህ ጉዳይ የመጣው ዘግይቶ ነው። ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት የግል መረጃ ያመለጠው ድርጅት፣ ነገሩ ሰዎችን የማይጐዳ ካልሆነ በቀር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቈጣጣሪው ማስታወቅ አለበት፤ አደጋው ከፍተኛ ሲሆን ለባለቤቱም ይነግራል። አውስትራሊያም በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ተመሳሳይ ግዴታ አቆመች። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በእኛ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ወጥቶ፣ የመቈጣጠሩ ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሚዩኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። እነዚህ ሕጎች ስለ መዝገብ ጠባቂውና ስለ መዝገቡ ባለቤት ብዙ ይላሉ፤ ያልጠየቀው ደብዳቤ በእጁ ስለ ገባው ስለ ሦስተኛው ሰው ግን የሚሉት ጥቂት ነው።

ይህም ሦስተኛ ሰው ቅን ቢሆን እንኳ ምን ሊያደርግ ይችላል? ደብዳቤውን ለላኪው ልመልስ ቢል፣ ከሥሩ ለዚህ መልእክት መልስ አይስጡ የሚል ተጽፎበታል፤ የጻፈው መልስም ማንም ወደማያነበው ሣጥን ይሄዳል። ወደ ጥሪ ማዕከሉ ስልክ ቢደውልና እኔ መንገደኛው አይደለሁም፤ አድራሻዬን ከመዝገቡ አውጡልኝ ብሎ እውነቱን ቢናገር፣ ሠራተኛዋ የመንገደኛውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ ስላለባት መንገደኛው ካልሆኑ ስለዚህ ቲኬት ላነጋግርዎ አልችልም ትለዋለች። መንገደኛው እኔ ነኝ ብሎ ቢዋሽ ግን የምትጠይቀው ስሙን፣ የቦታ ማስያዣ ቁጥሩንና የሚበርበትን ቀን ነውና፣ ሦስቱም በደብዳቤው ላይ ስላሉ ያለ ችግር ትቀበለዋለች፤ ከፈለገም ጉዞውን ትለውጥለታለች። አውሮፓ ውስጥ ለሚሠሩ አየር መንገዶች አንድ ሌላ በር አለ፤ በሰፊው የሰው መረጃ የሚይዙ ብዙ ድርጅቶች የመረጃ ጥበቃ ኃላፊ እንዲሾሙና መገናኛውን ለሕዝብ እንዲያወጡ ሕጉ ስለሚያስገድድ፣ አድራሻው ከድረ ገጹ ግርጌ፣ ረጅሙ የግል መረጃ መግለጫ በሚያልቅበት ቦታ ይገኛል። ደብዳቤው ሲላክለትም የመንገደኛውን ስምና የፓስፖርት ቁጥር ደግሞ መጻፍ አያስፈልግም፤ መልእክቱ የመጣበት ቀንና የደረሰበት አድራሻ ይበቃዋል።